ለሰባት ዓሣ የተጠራ አውጫጭ

እውቀት ከትምህርት ቤት ነው የሚገኘው ብለው የሚከራከሩ ሰዎች እኔን አያውቁኝም። ቢያውቁኝ ኖሮ ክርክሩ ያኔውኑ ባበቃ ነበር። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት በሠላሳ ዓመቴ ነው፤ ያውም ከቤቴ ግድግዳ ላይ። ግድግዳችን እንደ ሌላው ሰው ቤት ጋዜጣ የተለጠፈበት ስለነበር አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ከራስጌ እስከ ግርጌ አነበብሁት። አንዳንዱ ጋዜጣ ተዘቅዝቆ በመለጠፉ እስከ ዛሬ ድረስ የተዘቀዘቀ ጽሑፍ ከቀናው ይልቅ ይቀለኛል። ሰው ጨረቃ ላይ መውጣቱን ያወቅሁት ከበሩ በላይ ካለው ወረቀት ነው። መውረዱን ግን ለብዙ ዓመታት እርግጠኛ አልነበርሁም፤ ቀሪው ገጽ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ነበርና። ያንን ቁም ሣጥን ለመግፋት አራት ሰው ያስፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ ሰዓት እጠግናለሁ። ላሊበላ ከተማ ውስጥ ቆሞ የምታዩት ሰዓት ሁሉ በእኔ እጅ ያላለፈ የለም። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ አንድ ሣጥን ዓሣ የአገር መነጋገሪያ ያደረገው።

ነገሩ የጀመረው በልጄ በሲሳይ ነው። ሲሳይ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነው። ያጫትም የጎረቤቴን የምስጋናውን ልጅ ትርንጎን ነው። ምስጋናው ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ አርባ ዓመት ግድግዳ ለግድግዳ ኖረናል። በመካከላችን ባለው አጥር ላይ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። እሳት፣ ጨው፣ ወሬ፣ አንዳንዴም ዶሮ በዚያ ያልፋል። ትርንጎ አንድ ቀን በስልክ «ባሕር ምን ይመስላል?» ብላ ጠየቀችው። እሱም «አመጣልሻለሁ» አላት። ልጄ የተናገረውን ይፈጽማል፤ ይህን የወረሰው ከእናቱ ነው። እኔ ብዙ ስለምናገር ሁሉን ለመፈጸም ጊዜ የለኝም።

በቅበላ ሰሞን መጣ። መኪናው ላይ አልጋ የሚያህል የመስታወት ሣጥን፣ በብዙ ጀሪካን የተሞላ የባሕር ውሃ፣ አየር የሚነፋ ትንሽ ሞተር፣ በላስቲክ የታሰሩ ዘጠኝ ዓሣዎች፣ እንዲሁም አንድ ድንጋይ ነበር።

«ድንጋይ?» አልሁት። «ላሊበላ ድንጋይ አለቀ ብለው ነገሩህ?»

«አባዬ፣ ይህ ከባሕር ውስጥ የወጣ ነው። ዓሣዎቹ አገራቸው ያሉ እየመሰላቸው ይረጋጋሉ። በምንም ምክንያት ከውሃው እንዳታወጣው።»

ድንጋዩ የበግ ራስ ያህላል፤ እንደ ስፖንጅ የተበሳሳ ነው። ጋሸና ወጥቶ፣ ወልድያ ወርዶ፣ አፋር በረሃን አቋርጦ ድንጋይ ያመጣ ሰው በአገራችን ታሪክ ልጄ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። ዓሣዎቹም ጥሎሽ ናቸው፤ በዕለቱ በሽማግሌ ፊት ተቆጥረው ለሙሽራይቱ ይሰጣሉ። እስከዚያ አደራው በእኔ ላይ ሆነ። ምስጋናው ደስታውን መያዝ አቅቶት «ዘጠኝ የባሕር ዓሣ!» እያለ ኩልመስክ ድረስ ላሉ ዘመዶቹ ላከባቸው። ከብት ጥሎሽ የተሰጣቸው ሰዎች ቅናት እንደያዛቸው በዓይኔ አይቻለሁ።

ሲሳይ ሲሄድ ሦስት ነገር ነገረኝ። ዓሣዎቹን ከሣጥኑ ጋር ባመጣሁት ደረቅ ምግብ በቀን አንዴ መግብ፤ ሞተሩ ሳይቋረጥ ይንፋ፤ ውሃው ሲጎድል ጨው የሌለበት ንጹሕ ውሃ ጨምር። ሦስተኛው አልገባኝም። የባሕር ውሃ ሲጎድል ጨዋማ ውሃ እንጂ የምንጭ ውሃ የሚጨምር ማን ነው? ከገበያ አሞሌ ገዝቼ ልፈጭ ስነሣ ባለቤቴ የውብዳር ከምድጃዋ ሳትነሣ፣

«አንተ ሰውዬ፣ ወጥ ሲመጠጥ ጨው ይበረታል ወይስ ይቀንሳል?» አለችኝ።

«ይበረታል።»

«ታዲያ ምን ጨመርህ?»

ሴት ልጅ ጋዜጣ ሳታነብ አንዳንድ ነገር ታውቃለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የውብዳር የባሕሩ ቀማሽ ሆነች። በማንኪያ ቀድታ ምላሷ ላይ ታደርግና «ውሃው ጎደለ» ወይም «ደህና ነው» ትላለች። ሁዳዴ ሲገባ ግን ተጨነቀች፤ ዓሣ የዋኘበት ውሃ ይገድፋል ወይስ አይገድፍም? የነፍስ አባታችንን አባ ኪዳኑን ጠየቀች። አባ ኪዳኑ ጥቂት አሰቡና «ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ቅመሺ» አሏት። ዓሣዎቹስ በሁዳዴ ይብሉ ወይ ብዬ እኔም ጠየቅሁ። ለተንኮል ነው እንጂ አላጣሁትም።

«የነነዌ ከብቶች ጾመዋል» አሉኝ። «ዓሣውን ግን ማንም ጹም አላለው፤ ዮናስን እንኳ አላላመጠውም።»

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሞተሩ ይቆማል። የእኛን መብራት ታውቁታላችሁ፤ የሚመጣው ለመሰናበት ነው። ለዚህም መላ አላጣሁም። ከብረት ሠሪ ወናፍ ተውሼ አፉ ላይ የጎማ ቱቦ ገጠምሁና እየረገጥሁ አየር ነፋሁላቸው። አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ሙሉ ረግጬ ስነሣ እግሬ እንደ ወናፍ ተነፍቶ ነበር። እንግዲህ ጀርመን ቢሆን በዚህ ሥራ ሐውልት ያቆሙልኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ጎረቤቶችን ያስደነግጣቸው ነበር። አልፎ አልፎ ከሣጥኑ ውስጥ «ቋ!» የሚል ድምፅ ይወጣል። ለውዝ በጥርስ ሲሰበር ዓይነት ነው። አንድ ቀን ሁሉም ወደ እኔ ዞረው ተመለከቱ።

«መስታወቱ ነው» አልኋቸው። «ጅቡቲ ሙቀት ለምዶ የላስታ ብርድ ሲመታው ይንጣጣል።»

ማንም አልጠየቀኝም። እውቀት እንዲህ ነው፤ ዋናው ማወቁ ሳይሆን ሲናገሩት አለመንተባተብ ነው።

በሁዳዴ ሁለተኛው ሳምንት ቢጫው ዓሣ ጠፋ።

ሞተ አላልሁም፤ ጠፋ። ቢሞት ሬሳው ይንሳፈፋል። አጥንት የለ፣ ቅርፊት የለ፣ ምንም የለ። ዘሎ ይሆናል ብዬ ከሣጥኑ ሥር፣ ከአልጋው ሥር፣ ከጓዳው ፈለግሁ። ሦስት ዓመት የጠፋ መነጽሬን፣ አንድ ግማሽ ሬዲዮ እና የውብዳር ከእኔ የደበቀችውን ማር አገኘሁ። ዓሣውን ግን አላገኘሁም። ማሩን አገኘሁ ብዬ አልተናገርሁም፤ እሷም ጎደለ ብላ አልተናገረችም። ትዳር ማለት ይህ ነው።

በሳምንቱ ባለ ነጭ መስመሩ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሰማያዊው። እንግዲህ ያኔ ምርመራዬን ጀመርሁ።

የመጀመሪያ ተጠርጣሪ የምስጋናው ድመት ጠቋሬ ነበረች። አጥሩ ላይ ተቀምጣ አፏን ስትልስ ያዝኋት። አፏን የማትልስ ድመት የለችም ይላሉ ተከራካሪዎች። እኔ ግን እንደ ሌላው ሰው በግምት አልሠራም። በሣጥኑ ዙሪያ አመድ ነሰነስሁና ዱካ ጠበቅሁ። ማለዳ ብሄድ አመዱ ላይ ዱካ አለ! ትልቅ፣ ሰፊ፣ ባዶ እግር። የውብዳርን ጠርቼ አሳየኋት።

«የራስህ እግር ነው» አለችኝ። «አሁንስ ቆመህበት የለ?»

ይህ ማንም ተመራማሪ ላይ የሚደርስ ነው።

ሁለተኛው ዘዴዬ የረቀቀ ነበር። ጠቋሬን በከረጢት ይዤ ወደ እህል ነጋዴው ሄድሁና አስመዘንኋት። ዓሣ ከበላች ትከብዳለች ማለት ነው። አንድ ተጨማሪ ዓሣ እስኪጠፋ ጠብቄ እንደገና አስመዘንኋት፤ ይባስ ብላ ቀልላለች። ነጋዴው ሳቀ። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ሕሊናዋ እየወቀሳት ከስታለች። በእጄ ላይ የቧጨረችኝ ደግሞ ለተጨማሪ ማስረጃነት ይበቃል።

ሦስተኛው ዘዴ መክደን ነው። ሣጥኑን በወንፊት ከደንሁና በላዩ የወፍጮ መጅ ጫንሁበት። በበነጋው ብርቱካናማው ዓሣ የለም። መጁ እንደተቀመጠ ነው። ወንፊቱም እንደተቀመጠ ነው።

እዚህ ላይ ተቀምጬ አሰብሁ። መጅ የሚያነሣ ድመት የለም። አንሥቶ መልሶ በቦታው የሚያስቀምጥማ ጭራሽ የለም። እንግዲያው ሌባው እጅ አለው። ይህን የመሰለ የአስተሳሰብ መንገድ ከግድግዳ ጋዜጣ ተምሮ የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው። ችግሩ ማሰቤ አልነበረም፤ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ሰዓት በምጠግንባት ጠረጴዛ ፊት ለፊት ለተሰበሰበ ሰው ጮክ ብዬ ማሰቤ ነበር።

«ወንፊት የሚያነሣ እጅ ነው» አልሁ። «ቤቴ የሚገባው እጅ ደግሞ የታወቀ ነው።»

እውነቴን ነው፣ ማንንም ማለቴ አልነበረም፤ ነገሩ ስላማረልኝ ነው የተናገርሁት። ነገር ግን ዘወትር ከሰዓት በኋላ ዓሣዎቹን ለማየት ቤታችን የምትመጣው ትርንጎ መሆኗን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ከገበያ ቤቴ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ይወስድብኛል። ወሬው ዳገቱን ቀድሞኝ ወጥቶ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ገብቶ፣ ከምስጋናው ጋር ተቀምጦ ጠበቀኝ።

ምስጋናው ደጃፌ ላይ ቆሞ ነበር። አልገባም።

«ደህና ዋሉ?» አለኝ።

ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም የለም። አርባ ዓመት «አንተ» ሲለኝ የኖረ ሰው!

«ምነው ምስጋናው፣ ግባ እንጂ!»

«ይቅርብኝ። ገብቼ ስወጣ አንድ ነገር ቢጎድል እጅ አለኝ።» ሁለቱን መዳፎቹን አሳየኝ፤ መዶሻና መሮ ያጠነከራቸው ናቸው። «ልጄ የራሷን ጥሎሽ የምትሰርቅ ሌባ መሆኗን ከገበያ ሰማሁ። በሌባ ስም ተድራ አትወጣም። ሠርጉ ቀርቷል። ስሟ ይጸዳ ካሉ አውጫጭ ያስጠሩ።»

ሄደ። የአጥሩን ቀዳዳ ደግሞ ያን ዕለት በድንጋይ ደፈነው። እንዲያ ያማረ አደፋፈን በሕይወቴ አላየሁም፤ መርፌ አያሳልፍም።

የውብዳር አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። ነጠላዋን አደግድጋ ስልኩን ይዛ ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደውን ዳገት ግማሽ ድረስ ወጣች፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ነው። እኔም ተከተልኋት። ከልጇ ጋር ተነጋግራ ስትጨርስ ስልኩን ሰጠችኝ።

«አባዬ» አለ ሲሳይ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ። «ዓሣው ገደል ይግባ። ትርንጎን ግን መልስልኝ። ካልመለስህልኝ እዚያ አገር መኪናዬን አላዞርም።»

መስመሩ ተቋረጠ። እኔ ሬዲዮ የማናግር ሰው ስልኩን እያገላበጥሁ መታ መታ አደረግሁት። የውብዳር ስልኩን ከእጄ ወሰደችና «እሑድ አውጫጭ» አለች።

አውጫጭ ምን እንደሆነ ለማያውቅ የከተማ ልጅ ልንገረው። ሌባ ሲጠፋ መንደሩ በሙሉ ይጠራና አንድ ቦታ ይቀመጣል። ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እያንዳንዱ ይምላል። የጠረጠረውን ደግሞ ለተመረጡ ሦስት ሽማግሌዎች በጆሯቸው ሹክ ይላል። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው «ወፍ እንዲህ አለች» ብለው ያወጣሉ። ማን እንደተናገረ አይታወቅም፤ ወፏ ናት። በዚህ ዘዴ በሬም በቅሎም ተገኝቶበታል። ዓሣ ሲፈለግበት ግን የእኔ የመጀመሪያው ነው፤ በዚህም ቢሆን ፈር ቀዳጅ ነኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር ተሰበሰብን። እስከዚያ ሌሎች ሁለት ተሰውረው ከዘጠኙ ዓሣዎች ሁለት ብቻ ቀርተው ነበር። ሲሳይ ሌሊቱን ነድቶ ደርሶ ከኋላ ተቀምጧል፤ ወደ እኔ አያይም። ትርንጎ ከሴቶቹ መካከል ራሷን በነጠላ ሸፍና ወደ መሬት ታያለች። ምስጋናው ከፊት ለፊት ነው፤ መዶሻውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ወጣት ነው፤ ደብተር ይዞ መጣና «አውጫጭ ኋላ ቀር አሠራር ነው፤ ግምገማ ብናደርግ ይሻላል» አለ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው ልጄ?» አሉት አባ ኪዳኑ።

«በግምገማ ሰው ራሱን በራሱ ያጋልጣል።»

«መልካም ነው። ከጠፋ ዓሣ መካከል ራሱን የሚያጋልጥ ካለ ይናገር።» ጥቂት ጠበቁ። «እንግዲያው እኛ በአውጫጩ እንቀጥል፤ አንተ ጻፍ።»

እሱም ተቀምጦ ቃለ ጉባኤ ያዘ። ርእሱን አሻግሬ አነበብሁት፤ ተዘቅዝቆ ስለነበር ቀለለኝ። «የዓሣ መሰወርን በሚመለከት» ይላል።

መሐላው ተጀመረ። ድርጊቱን የገለጽሁት እኔ ነኝ፤ በዝርዝር። ስለ አመዱ፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ወንፊቱ ስናገር ሰው በጥሞና ያዳምጥ ነበር፤ አንዳንዶቹ በጥሞና ብዛት አፋቸውን በጋቢ ሸፍነዋል። ከዚያ ሰው ሁሉ እየተነሣ ማለ፤ ለሽማግሌዎቹም ሹክ አለ። ብዙ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ አባ ኪዳኑ ተነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወፍ ተናግራለች» አሉ። «እንዲያውም ዛሬ ወፏ አልተሟገተችም። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ስም ነው ያመጣች።»

የምስጋናው እጅ መዶሻውን ጨበጠ። ሲሳይ ቆመ። ትርንጎ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣለች።

«ዓሣውን የበላኸው አንተ ነህ» አሉኝ።

«እኔ?!»

«አንተ። ወፏ ምክንያትም ሰጥታለች። አንደኛ፣ በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ‹ዓሣ ሥጋ አይደለም› እያልህ የምትከራከር አንተ ብቻ ነህ። ሁለተኛ፣ አመዱ ላይ የተገኘው እግር ያንተ ነው። ሦስተኛ፣ መጁን ማን እንደጫነው የሚያውቅ ማንሣቱንም ያውቃል። አራተኛ…»

«አራተኛውን ተዉት አባ!» አለች የውብዳር ከሴቶቹ መካከል። «ማሩንም የበላው እሱ ነው።»

ሕዝቡ ፈነዳ። ሳቁ ከወይራው ላይ ርግቦቹን አስነሣቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሳይቀር ብዕሩ ወደቀበት። እኔም ቆሜ «የድመቷ ሚዛንስ?» ብዬ ጮኽሁ፤ የሰማኝ የለም።

ያልሳቀ አንድ ሰው ነበር። ምስጋናው ተነሣ።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «እኔ የጎረቤቴን ስም ለማስጠፋት አልመጣሁም፤ የልጄን ስም ለማጽዳት እንጂ። እኚህ ሰው ወሬ ይበላሉ፣ ማርም ይበላሉ። ጥሬ ዓሣ ግን አይበሉም፤ ያቅራቸዋል። እስከ አሁን የማለው ሁሉ ሰው ነው። በዚያ ሣጥን ውስጥ ሰውም ዓሣም ያልሆነ አንድ ነገር አለ፤ እሱ አልማለም።»

«ምን?»

«ድንጋዩ።»

ሰው ሁሉ ወደ ቤቴ ጎረፈ። የቻለ ገባ፤ ያልቻለ በመስኮት አንገቱን አሰገገ። ምስጋናው ከሣጥኑ ፊት ተንበርክኮ ድንጋዩን ለረጅም ጊዜ አየው። የምሠራውን ሥራ ሌላ ሰው በቤቴ ሲሠራ ማየት አልወድም፤ ስለዚህ «ልጄ ድንጋዩን አታውጡ ብሏል» ብዬ አስጠነቀቅሁ።

«አላወጣውም። እኔ ድንጋይ በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው የማውቀው» አለ። «ሙሉ ድንጋይ ሲያንኳኩት ይዘፍናል። ውስጡ ክፍት የሆነ ያስላል።»

ረጅም መሮውን በቀስታ ወደ ውሃው አወረደና ድንጋዩን በጫፉ ነካ አደረገ። ጠ፣ ጠ።

ዝም።

እንደገና። ጠ፣ ጠ።

«ቋ!» አለ ከውስጥ።

ቤቱ ሙሉ አማተበ። ከመስኮቱ ላይ ሁለት ሰዎች ወደቁ።

«መስታወቱ ነው» አልሁ፤ ከልማድ።

ምስጋናው ዞሮ አየኝ። «ላሊበላ ተወልዶ፣ ላሊበላ አርጅቶ፣ ድንጋይ ውስጥ ምን አለ ብሎ የማይጠይቅ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለ። «አባቶቻችን ድንጋይ ፈልፍለው ቤት ሲያደርጉ ሌላው ፍጡር አይችልም ብለው ነው?»

ይህን ንግግር በሕዝብ ፊት መስማት ለእኔ ቀላል አልነበረም። ክብሬን ለማስመለስ አንድ መንገድ ብቻ ነበረ፤ ሌባውን ራሴ መያዝ። እጅጌዬን ሰበሰብሁ። ሲሳይ «አባዬ ተው!» ሲል እጄ ውሃ ውስጥ ነበረ። አውራ ጣቴን ወደ ትልቁ ቀዳዳ ላክሁት።

የደረሰብኝን በምሳሌ ልናገር። ምስጋናው መዶሻውን እስከ ጀርባው ድረስ አንሥቶ ጣቴ ላይ ቢያሳርፈው ኖሮ፣ እኔ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ቀስ አልህልኝ» እለው ነበር። የጮኽሁት ጩኸት ገበያ ድረስ ተሰምቷል ይላሉ። እጄን ስመነጭቅ ድንጋዩ ተንከባለለና ባለቤቱ ወጣ።

አንበጣ ነው እንዳልል ጊንጥ ነው። ጊንጥ ነው እንዳልል እንደ ጥምቀት ጥላ በአረንጓዴ፣ በቀይና በወርቅ ያጌጠ ነው። አንዱ ዓይኑ ወደ እኔ ሲያይ ሌላው አባ ኪዳኑን ያያል። ከደረቱ ሥር ሁለት መዶሻ የመሰሉ ክንዶች አጥፎ ይዟል፤ ሲሳይ «ከሸርጣን ወገን ነው፤ በእነሱ ነው የሚመታው» አለ። ከኋላው ከቀዳዳው ውስጥ የዓሣ አጥንት፣ የብርቱካናማው ጅራት፣ የሰማያዊው ክንፍ እየተንሳፈፈ ወጣ። ልጄ ለዓሣዎቹ አገራቸው እንዲመስላቸው ያመጣው ድንጋይ ባለቤት ነበረው፤ እኛም ዘጠኝ እንግዳ ቤቱ ድረስ አገባንለት።

አባ ኪዳኑ ጎንበስ ብለው አዩት። «ጠራቢ ነው» አሉ ለምስጋናው። «ያንተ ሙያ።»

ትርንጎ ሰዎቹን ከፋፍላ ሣጥኑ ፊት ደረሰች። ነጠላዋ ወድቋል። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ አንዱ ዓይኑም እሷን አያት።

«ሲሳይ» አለች፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «ዓሣዎቹ ደስ ይሉ ነበር። ባሕር ግን ይህ ነው።»

ሲሳይ እስከ ጆሮው ቀላ። ሠርጉ የተመለሰ መስሎኝ «በሉ እልል በሉ!» ልል ስል ምስጋናው መሮውን ጠርጎ ተነሣ።

«ሌባው ወጥቷል» አለ። «የልጄን ስም ያነሣው አፍ ግን ገና አልወጣም።»

አባ ኪዳኑ ፈረዱ። በአገራችን ሥርዓት የበደለ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ወደ በደለው ደጃፍ ይሄዳል። ይቅር ከተባለ ሠርጉ ይቀጥላል፤ ካልተባለ አይቀጥልም። ጣቴ እንጀራ የሚያህል ሆኖ አብጦ ነበር፤ ስለዚህ ከጓሮዬ አንዲት ልከኛ ድንጋይ መረጥሁ። የውብዳር አየቻትና፣

«ይህ ይቅርታ ነው ወይስ በርበሬ መደለዣ?» አለችኝ።

በሰፈሩ ደህና ድንጋይ ያለው ማን ነው? ምስጋናው ነው። ሄድሁ።

«ደህና ዋልህ ምስጋናው።»

«ደህና ዋሉ።»

«ድንጋይ ፈልጌ ነበር።»

«ለምን ሥራ?»

«አንተን ይቅርታ ለመጠየቅ።»

መዶሻውን አስቀምጦ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ግቢውን አዞረኝ። አንዱን ድንጋይ በመዶሻው ነካ አድርጎ «ይህ ለስድብ ነው፤ ለስም ማጥፋት አይበቃም» አለ። ሁለተኛውን አልፎ፣ ሦስተኛው ላይ ቆመ። ረጅም፣ ጠፍጣፋ፣ አራቱ ማዕዘን ልክ ሆኖ የተጠረበ ነው። «ይህ የእርስዎን ያህላል።»

«እሺ፣ ከዚሁ እስከ ደጃፍህ ተሸክሜ…»

«አይሆንም። ስሟ የጠፋው ገበያ ነው። በገበያ በኩል ዞረው ይምጡ።»

ዞርሁ። ሰባት ጊዜ አረፍሁ። ሰዓት ያስጠገኑኝ ሰዎች ሁሉ ከየሱቃቸው ወጥተው በክብር አሳለፉኝ፤ አንዱ እንዲያውም «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደጃፉ ስደርስ ወገቤ ከጉልበቴ ጋር ይነጋገር ነበር። ትርንጎ በር ላይ ቆማለች፤ ምስጋናው ከአጠገቧ።

«ልጄ» አልኋት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳላሰምር ሳላስጌጥ። «አፌ ቀድሞኝ ነው። አንቺን ያህል ቤቴን ያከበረ የለም። ይቅር በይኝ።»

«ኧረ አባባ፣ እኔማ ይቅር ብዬዎታለሁ፤ ድንጋዩን ያውርዱ!» አለች።

አባቷ ግን እጁን አነሣ። ድንጋዩን አየ፤ መሬቱን አየ።

«ትንሽ ወደ ግራ» አለ።

ወደ ግራ ሄድሁ።

«ትንሽ ወደ ኋላ። አዎ። እዚያ ላይ፤ በቀስታ።»

አወረድሁት። ድንጋዩ ተቆፍሮ በተዘጋጀ ስፍራ ልክ ገጠመ። ምስጋናው በእግሩ ረገጠው፤ አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ ፊቱ ፈታ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለና ትከሻዬን ያዘኝ። «አንተ የሽማግሌ ሞኝ!»

አንተ አለኝ! ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በወገቤ አሳብቤ ጠረግሁት። ጎን ለጎን ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን። ምስጋናው ጢሙን እያሻሸ ወደ ቤቱ በር አሻግሮ አየ።

«ሠርገኛ የሚወጣበት ደረጃ አልነበረኝም» አለ። «በሩ ከፍ ያለ ነው፤ ሦስት ደረጃ ይፈልጋል። እስቲ አስታውስ ወንድሜ፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ሌላ የበደልኸኝ ነገር የለም?»

የማስታወስ ችሎታዬ በአገር የታወቀ ነው፤ ማፈር አልፈለግሁም። ጅብ በላው ያልሁት አውራ ዶሮው ጅብ እንዳልበላው ነገርሁት። የአባቱን የኪስ ሰዓት ጠግኜ ስመልስለት ከውስጡ ሁለት ጥርስ ተርፎኝ እንደነበረም ተናገርሁ። ምስጋናው ከልቡ ተቆጣ፤ ቀጥሎም በጣም ደስ አለው። በዚያው ሳምንት ድንጋይ ተሸክሜ ሁለት ጊዜ በገበያ በኩል ዞርሁ።

ጥሎሹ በዕለቱ በሽማግሌ ፊት ተቆጠረ፤ ሁለት ዓሣ በአንድ ወገን፣ አንድ ሌባ በሌላ ወገን፤ መካከሉን በመስታወት የለየሁት እኔ ነኝ። ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ሲሳይን ይዘው ሦስቱን ደረጃ ረግጠው ወጡ። ከኩልመስክ የመጣ አንድ የሙሽራይቱ አጎት ቆም ብሎ ደረጃዎቹን በአድናቆት አየና «እንዲህ ያለ ሥራ! የማን እጅ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ምስጋናው አፉን ሳይከፍት «የእኔ ነው» አልሁት።